የፋርማሲስቱ ሦስት ሚስቶች

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት በመቁረጫው ክፍል ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰንጥቋል። ደሙ በማሽኑ እግር ላይ፣ በግድግዳው ላይና እስከ በሩ ድረስ በተደረደረው ነጭ ወረቀት ላይ ተረጭቷል። የታችኞቹ ወረቀቶች ደሙን መጥጠው ቀልተዋል። አጠገቡ የወረቀት ክምር እንዳይንሸራተት የሚጫንበት ድፍን ብረት ወድቋል። ሰውየው አንድ ጊዜ ብቻ እንዳልተመታ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ከወደቀም በኋላ ተመቷል።

ሻለቃ ይሉታል። በዕድሜው የጦር ሰፈር ደጃፍ አልረገጠም። ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ሲናገር ስለሚያዝ፣ ካልታዘዙት ደግሞ በጥፊ ስለሚያጮል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ደም የፈሰሰው በዚያ ክፍል ብቻ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ግንዱ የሚባለው የመቁረጫው ሠራተኛ በሥራ ባልደረቦቹ እግር ሥር ተዘርሮ ነበር። ያ ሁሉ ቁመትና ትከሻ እንደ ጆንያ ተጠቅልሏል። አንድ ዐይኑ አብጦ ጠፍቷል፤ በትንፋሹ መሀል ደም ይተፋል። አብሯት የመጣው ሳጅን ሰዎቹን በክርን እየገፋ ባያስለቅቀው ኖሮ ሁለተኛ ሬሳ ይጠብቃቸው ነበር።

«እጅ ከፍንጅ ነው የያዝነው» አለ አንዱ እያለከለከ። «የሻለቃን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አድርጎ ነው ያገኘነው፤ እሱን ስንጎትት ነው ሬሳው የተደፋው።»

«ቆይ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ይህች ቃል በፖሊስ ጣቢያው ውስጥ መጠሪያዋ ሆናለች። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ እትዬ ቆይ ይሏታል፤ ታውቃለች፣ አትቆጣም። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናት ቀጭን ሴት ናት። ሰው ሲቸኩል ቆሽቷ ያርራል፤ እሷ ግን ስትናደድ ድምፅዋ ይበልጥ ዝቅ ይላል።

ግንዱን ቃሬዛ ላይ ሲያወጡት ጋዋኑን አገላብጣ አየችው። መዳፎቹ፣ ጉልበቶቹና ጭኖቹ በደም ርሰዋል። ከደረቱ በላይ ያለው ደም ግን ከራሱ አፍንጫና አፍ የወረደ ነው። የተረጨ ነጠብጣብ የለበትም። ግድግዳውን እንዲያ ያዥጎረጎረ ምት የመቺውን ደረት ሊምር አይችልም። ይህን ለአዛዡ በስልክ ስትነግረው ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው አላት። ሰውየው ጠዋት በሠራተኛው ሁሉ ፊት በሻለቃ በጥፊ ተመትቷል፤ ብረቱ የራሱ የሥራ ዕቃ ነው፤ ሬሳውን አቅፎ ተገኝቷል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ነገ ማታ ወደ ወህኒ ቤት ይዛወራል፤ ሐኪም ቤቱ አልጋ የለውም።

ሐኪሙ ደግሞ ሌላ ነገር ነገራት። ሦስት የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል፤ አንዱ ሳንባውን ነክቶታል። አሁን ከአልጋ አውርደው በመኪና አንገጫግጨው ወህኒ ካስገቡት ሳምንት አይቆይም።

ስለዚህ ኢንስፔክተሯ የነበራት የነገው ቀን ብቻ ነበር።

በምሳ ሰዓት ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ባለው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይበላል። በዚያን ቀን ከዛፉ ሥር የጠፉት፣ ከሟቹ ሌላ፣ አራት ናቸው። ግንዱ ጥፊው አንገብግቦት ከመጋዘኑ ጀርባ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ፣ የማተሚያ ቤቱ ፕሮግራመር፣ ክፍሏ ውስጥ ነበረች። ማዳም የሚሏት የሻለቃ ሚስት ፎቅ ላይ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። የሻለቃ ታናሽ ወንድም የሰርግ ጥሪ ካርዶች ያትም ነበር። ሠራተኛው ይህንን ታናሽ ጋሼ ይለዋል፤ ደንበኛ ተቀባይ ነው፣ አፉ ማር ነው። አራቱም ከነበሩበት ቦታ በአንድ የውስጥ ኮሪደር ወደ መቁረጫው ክፍል ይደረሳል፤ ዛፉ ሥር ያለ ሰው ኮሪደሩን አያይም።

ጋሼን ግን ሁሉም ሰምቶታል። የካርድ ክፍሉ መስኮት መስተዋቱ ጭጋግማ ስለሆነ ሰው አያሳይም፤ የፕሪንተሩ ድምፅ ግን ምሳው እስኪያልቅ አልተቋረጠም። ጭርር ይላል፣ ያርፋል፣ ካርድ ይተፋል፤ ደግሞ ጭርር። እያንዳንዱ ካርድ የአንድ እንግዳ ስም ኮምፒውተሩ ላይ በእጅ ተጽፎለት ነው የሚወጣው። ስለዚህ ካርዱ ወጣ ማለት ጋሼ ወንበሩ ላይ ነበር ማለት ነው። ምሳው ሲያልቅ የደንበኛው ሹፌር መጣ፤ ጋሼ መስኮቱን ከፍቶ ካርቶኑን አስረከበው፤ መኪናው ከግቢ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ግንዱ «ድረሱ!» ብሎ የጮኸው። ሠራተኛው ሮጦ ሲገባ ጋሼም ከኋላ ደረሰና «ወንድሜን ገደለው!» አለ። ድብደባው የተጀመረው በዚህች ቃል ነው።

ኢንስፔክተሯ በዚያን ዕለት ሁለት ነገሮች አየች፤ ሁለቱንም ለማንም አልተናገረችም። የጋሼ ጋዋን አዲስ ነው፤ የመታጠፊያው መስመር እንኳ አልጠፋም። ጠዋት ቀለም ፈሶብኝ ቀየርኩት አላት። ሁለተኛው በመቁረጫው ክፍል ጥግ ነበር። እዚያ የወረቀት ቁርጥራጭ የሚጨመቅበት በእጅ የሚዞር መጭመቂያ አለ፤ አጠገቡ በሽቦ የታሰሩ የተጨመቀ ወረቀት ጥቅሎች ተደርድረዋል። ከመካከላቸው አንደኛው ሽቦው በውጭ በኩል ተጠምዝዞ ጫፉ እንደ እሾህ ወጥቷል። የሌሎቹ ቋጠሮ ወደ ውስጥ የተቀበረ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስትመለስ በሩ ላይ የሐዘን መግለጫ ተለጥፎ ነበር። በጥቁር መስመር የተከበበ፣ ያማረ ወረቀት ነው። በዋና ሥራ አስኪያጃችን ድንገተኛ ሞት የተሰማንን መሪር ሐዘን እንገልጻለን ይላል። ግርጌው ላይ ፊርማና ስም አለ። የሻለቃ ፊርማ፣ የሻለቃ ስም።

ሳጅኑ አፉን በእጁ ያዘ። «ሰውየው ለራሱ ሞት አዝኖ ፈርሟል እኮ።»

«ይህንን ማን ነው የሚያስረዳኝ?» አለች።

የምታስረዳት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ሌሊቱን ሁሉ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ቆማ አድራ የመጣች የግንዱ ሚስት ናት። ባሏ እጁ ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና ስለታሰረ ፊቱን እንድትጠርግለት እንኳ አልፈቀዱላትም። ዐይኖቿ ቀልተዋል። ወንበር ስባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና ድምፅዋ እየተቆራረጠ ጀመረች።

ማተሚያ ቤቱ የሚሠራው በአብነት ነው አለቻት። ጽሑፉ አንድ ጊዜ ይዘጋጃል፤ የሚለዋወጠው ነገር፣ ስም ይሁን ቀን ይሁን ማዕረግ፣ ቦታው ባዶ ይተዋል። ባዶውን የሚሞላው ነገር የሚቀመጠው እነሱ መሳቢያ በሚሉት ውስጥ ነው።

«መሳቢያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የቤት መሳቢያ ነው። የድርጅቱ ስም፣ አድራሻ፣ የሥራ አስኪያጁ ስምና ፊርማ እዚያ ይቀመጣል። ሰው ካልቀየረው በቀር ዘላለም እዚያው ነው። ለዚህ ነው ሻለቃ የፈረመው፤ ትናንት ማንም ያወጣው የለም።»

«ሁለተኛውስ?»

«የሥራ መሳቢያ። ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ራሱ ይታጠባል። የጥሪ ካርድ ብትሠሪ... ብትሠሩ፣ ይቅርታ፤ እያንዳንዱ ካርድ አንድ ሥራ ነው። ስሙን ትጽፋላችሁ፣ ካርዱ ይወጣል፣ መሳቢያው ባዶ ይሆናል። ለሚቀጥለው እንግዳ ከባዶ ነው የሚጀመረው።»

«ባዶ ቦታው ሳይሞላ ቢቀርስ?»

«መሳቢያው ውስጥ ያለውን ይወስዳል። ከሌለ መስመሩን ዘሎት ያልፋል። እኔ ቆሞ እንዲጠይቅ ነበር የሠራሁት። ሻለቃ ማሽን ሲቆም አይወድም፤ አስቀየረኝ።»

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ሰምታ ግማሹን ብቻ የተረዳች መስላ ተነሣች። ይህም ልማዷ ነው።

ማዳምን ሐዘንተኞች በከበቧት ቢሮ ውስጥ አገኘቻት። ጥቁር ሻርፗን እስከ አገጯ ስባዋለች። ሻርፑ ሲንሸራተት አንገቷ ላይ ቢጫ እየሆነ የመጣ የጣት አሻራ ታየ። ማዳም መልሳ ሸፈነችው።

«ቢሞት ደስ ይልሽ ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ ሰዎቹ ከወጡ በኋላ።

«እንዲሞት የለመንኩበት ቀን ነበር» አለች ማዳም። «ትናንት ግን አልለመንኩም። ትናንት ደህና ነበር። ሥራውን ሊያስረክብና ሊያርፍ ወስኖ ነበር።»

«ለማን?»

ማዳም በሩን ተመለከተች። ሻለቃ ማተሚያ ቤቱን ለፕሮግራመሯ ሊሰጥ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጅ ሊያደርጋት። ባለፈው ሳምንት ስሟን በቤት መሳቢያው ውስጥ አስገብቶ እንዴት እንደሚመስል በወረቀት አሳትሞ አይቶ፣ መልሶ የራሱን አስገብቷል። በሠራተኛው ፊት እስኪያውጅ ድረስ ማዳምንና ፕሮግራመሯን ሆድ ይፍጀው ብሏቸው ነበር።

«አንቺስ ለማን ነገርሽ?»

ማዳም መልስ ከመስጠቷ በፊት ሻርፗን ደጋግማ አስተካከለች። «ለታናሽየው። ሃያ ዓመት ያንን ወንበር ሲጠብቅ ነው የኖረው። በሰው ፊት በድንገት ከሚሰማው ቀድሞ ቢያውቀው ይሻለዋል ብዬ ነው።»

ጋሼ ግን ምንም አላውቅም አለ። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ነው ያነጋገረችው። ግራ ጆሮው ስለማይሰማ ቀኙን ወደ እሷ አዙሮ ተቀመጠ፤ በቀኝ መዳፉ ላይ ነጭ ፕላስተር አለ። ወረቀት ቆረጠኝ አላት። ወንድሙን እንደ አባቱ ይወደው ነበር። ትናንት ምሳ ሳይበላ ካርዶቹን በእጁ ሲጽፍ ነው የዋለው፤ ምስክሩ ሠራተኛው ሁሉ ነው። ከዚያ ዝግ ብሎ አንድ ነገር ጣል አደረገ።

«ይህችን ፕሮግራመር ግን እርስዎን ብሆን እጠነቀቃት ነበር። ሲስተሙን የሠራችው እሷ ናት። ባሏን ለማዳን ብትፈልግ ኮምፒውተሩን የፈለገችውን ታናግረዋለች።»

ይህ ደግሞ እውነት ነበር። ኢንስፔክተሯን ከሁሉ በላይ ያናደዳትም እውነትነቱ ነው። ከዚያ ማሽን ውስጥ የሚወጣ ማንኛውም ማስረጃ የግንዱ ሚስት እጅ የነካው ይሆናል፤ አዛዡ አንድ ቃል አይቀበላትም።

ግቢው ውስጥ ጩኸት የተነሣው ያን ጊዜ ነው። አንድ ኮቱን ያልቆለፈ ሽማግሌ በአንድ እጁ ካርቶን ይዞ ለቅሶ መሆኑንም ሳያይ ገባ። ትናንት ካርዶቹ የተላኩለት የሙሽራዋ አባት ነበር።

«የት አለ ያ አፈ ቅቤ? እህቴ ባሏን ከቀበረች ወር አልሞላትም! እናንተ ሌላ ባል አጋባችኋት!»

ሳጅኑ ሊያስወጣው ሲሄድ ኢንስፔክተሯ «ቆይ» አለችው። ሽማግሌውን ወንበር ሰጥታ ውሃ አስመጣችለት። ካርዱን ከእጁ ተቀበለች። የሽማግሌው እህት በሰርጉ ላይ እንድትገኝ ተጠርታለች፤ ከባለቤትዎ ጋር ይላል ከሥሩ፣ የባለቤትየውም ስም ተጽፏል። ስሙ የሟች ባሏ አይደለም።

«ይህ ማን ነው?»

«ሠፈራችን ያለው ፋርማሲስት ነው! ሚስቱ በሕይወት አለች። ካርዱን እንዳነበበች እህቴ መሬት ላይ ተደፋች። እኔም ሌሎቹን ሳላድል ከፍቼ ባይ፣ ያላገባችው የወንድሜ ልጅም ባሏ ፋርማሲስቱ ነው። ሰውየው በአንድ ጀምበር ሦስት ሚስት አገባ።»

ሳጅኑ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ኢንስፔክተሯ ግን አልሳቀችም። ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ካርቶኑ ውስጥ በነበሩበት ተራ ደረደረቻቸው። መጀመሪያ የፋርማሲስቱ ትክክለኛ ሚስት። ቀጥላ ባል የሞተባት። ቀጥላ ያላገባችው ልጅ። ከዚያ ሌላ ባለትዳር ስትመጣ የፋርማሲስቱ ስም ይጠፋና የአዲሱ ባል ስም ይተካል፤ ከእሷ በኋላ ያለው ባሕታዊ ሽማግሌም ከዚያ ሰው ጋር ተጋብቷል። እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው።

«ካርቶኑን ከትናንት ጀምሮ የነካው ማን ነው?»

«ሹፌሬ አምጥቶ ቤቴ አስቀመጠው። ዛሬ ጠዋት እኔው ነኝ የከፈትኩት።»

ኢንስፔክተሯ የምትፈልገውን አግኝታለች። ቢሆንም ለዳኛ የሚበቃ አልነበረም። ሐኪም ቤት ሄደች።

ግንዱ ከመናገር መተንፈስ ይከብደው ነበር። ነርሷ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ፈቀደችላት። ኢንስፔክተሯ ካቴናውን አስፈታች፤ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሊከራከር አስቦ ዐይኗን ሲያይ ተወው።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ ወንድሜ። ትናንት ቁርጥራጭ ጨምቀሃል?»

በአሉታ ራሱን ነቀነቀ። «በሳምንቱ መጨረሻ ነው የምጨምቀው። ሳጥኑ ግማሽ ነበር።»

«ሽቦውን የምትቋጥረው ወደ ውስጥ ነው?»

«ወደ ውስጥ። የሚጭኑትን ልጆች እጅ እንዳይወጋ።» ከዚያ ባልጠፋው ዐይኑ እንባ ወረደ። «ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የገባሁት። ጠዋት መልስ ሰጥቼው ስለነበር። ሳነሳው ገና ይተነፍስ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በመቁረጫው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወለሉ ቢታጠብም በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ጥቁር መስመር ቀርቷል። ማዳም ወንበር ላይ፣ ጋሼ ከጎኗ፣ ፕሮግራመሯ በሩ አጠገብ፣ የሙሽራዋ አባት ካርቶኑን አቅፎ፤ ሠራተኞቹ ደግሞ በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። አዛዡም መጥቶ ነበር። ሰዓቱን ያያል።

ኢንስፔክተሯ ካርዶቹን በመቁረጫው ማሽን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች።

«ሠራተኛው ሁሉ ትናንት በምሳ ሰዓት የፕሪንተር ድምፅ ሰምቷል» አለች። «ጋሼ በእጁ እየጻፈ ነበር ተባለ። በእጅ ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ካርድ ለብቻው አንድ ሥራ ነው። ካርዱ እንደወጣ መሳቢያው ይታጠባል። እንዲህ ከሆነ የፋርማሲስቱ ስም ከሚስቱ ካርድ ወደ ሚቀጥለው ካርድ በምን መንገድ ተሻገረ?»

ወደ ፕሮግራመሯ ዞረች። «መሻገር የሚችልበት መንገድ አለ?»

ፕሮግራመሯ ካርዶቹን ያየችው ገና አሁን ነበር። ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ ስትቀና ፊቷ አመድ መስሏል። «በጅምላ ከታተመ ብቻ። ስሞቹ ቀድመው ይጻፉና ማሽኑ በራሱ አንዱን ከአንዱ እያስከተለ ያወጣቸዋል። ያን ጊዜ ካርዶቹ ሁሉ ተጠቃለው አንድ ሥራ ናቸው፤ መሳቢያው የሚታጠበው መጨረሻ ላይ ነው። ባል የሌላት ሴት ስትመጣ ማሽኑ የቀደመውን ባል ይሰጣታል። በየካርዱ መሀል እጠብ የሚል ትእዛዝ ካልገባ...» አንዱን ካርድ አነሣች። «ይህ ስሕተት ድሮም ተሠርቶ ነበር። ለአንድ ትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ስናትም አንዱ ተማሪ በከፍተኛ ማዕረግ ወጣ፤ ከእሱ በኋላ ያሉትም ሰነፎቹ ሳይቀሩ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። ሻለቃ ጅምላ የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንዳይደገም አለ።»

«ያኔ ያተመው ማን ነበር?»

«ጋሼ።»

«ለምን እንደተሳሳተ አስረዳሽው?»

«ልነግረው ነበር። ሻለቃ በጥፊ መታውና አስወጣው።»

«ስለዚህ ጅምላ ማተምን ያውቃል፤ ማጠብን አያውቅም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጅምላ ሲታተም ወንበሩ ላይ ሰው አያስፈልግም። ማሽኑ ብቻውን ይጮኻል፤ ዛፉ ሥር ያሉት ሰዎች ይመሰክራሉ።»

ጋሼ ፈገግ አለ። ድምፁም አልተለወጠም። «እሷ የሠራችውን ማሽን እሷ ትተርጉምልን? ባሏን ለማዳን ትናንት ማታ ገብታ ያበላሸችው ይሆናል።»

«ካርዶቹ ከግቢ ሲወጡ ሻለቃ መመታቱን ያወቀው ገዳዩ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ካርቶኑ ሽማግሌው ቤት ነው ያደረው። በራስህ እጅ በመስኮት ያስረከብከው አንተ ነህ። ኮምፒውተሩን እኔም አላመንኩትም፤ አልከፈትኩትምም።» ከዚያ ወደ ሳጅኑ አመለከተች። «ያንን ሽቦው ወደ ውጭ የተቋጠረውን አምጣው።»

ሳጅኑ ጥቅሉን እየጎተተ መሀል ወለሉ ላይ ጣለው። ግንዱ ትናንት ምንም እንዳልጨመቀ፣ ቋጠሮውም የእሱ እንዳልሆነ፣ ይህንን የሠራው ሰው ሽቦ መቋጠር ስለማያውቅ መዳፉን እንደወጋው ተናገረች። ሁሉም ዐይን በጋሼ ፕላስተር ላይ አረፈ። ጋሼ እጁን ኪሱ ከተተ። ሽቦው ሲቆረጥ ጥቅሉ ፈነዳና ቁርጥራጩ በወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ነጭ፣ ነጭ፣ ከዚያ ሮዝ፣ ከዚያ ቡናማ። ከመሀሉ የተጨማደደ ጋዋን ወጣ። ሳጅኑ በሁለት ጣቱ ከፍ አደረገው። ደረቱ ከላይ እስከ ታች በደረቀ ደም ተዥጎርጉሯል። ከኪሱ በላይ በሰማያዊ ክር «የደንበኞች አገልግሎት» የሚል ተጠልፏል። በዚያ ቤት ይህን ጋዋን የሚለብስ አንድ ሰው ነበር።

ማዳም ሻርፗን አፏ ውስጥ ከተተችው።

«ይህን ጆሮዬን ያደነቆረው ገና ልጅ ሆኜ ነው» አለ ጋሼ ለማንም ሳይሆን። «ሁሉንም ቻልኩ። መጨረሻ ላይ ወንበሩን ለእሷ!» ከማሽኑ ጎን የተንጠለጠለውን የምላጭ መፍቻ ብረት ነጥቆ ሳጅኑን ትከሻው ላይ መታው፤ አጥንት ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ዞሮ ወደ ፕሮግራመሯ ሮጠ። ፀጉሯን ጨምድዶ ብረቱን ሲያነሣ ኢንስፔክተሯ በወረቀት የተጫነውን ጋሪ ባላት ጉልበት ገፍታ ጉልበቱ ላይ አጋጨችው። ሰውየው ተገንድሶ ወደቀ፤ ብረቱም ከእጁ አምልጦ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

ሠራተኞቹ ከግድግዳው ተነቅለው መጡ። የመጀመሪያው እርግጫ ሆዱ ላይ፣ ሁለተኛው ፊቱ ላይ አረፈ። ትናንት ግንዱን የረገጡት እነዚያው ጫማዎች ናቸው፤ ያው ማለክለክ፣ ያው «በለው»። ኢንስፔክተሯ በወደቀው ሰው ላይ እግሮቿን ከፍታ ቆመች። ሽጉጧን አውጥታ ወደ እነሱ አዞረች።

«ቆይ» አለች። ድምፅዋ ከሹክሹክታ ብዙም ከፍ አይልም ነበር።

ቆሙ።

ጋሼን አስረው ወሰዱት። አዛዡ ጉሮሮውን ጠረገና የግንዱ ዝውውር ቀርቷል አለ። ፕሮግራመሯ የተነቀለ ፀጉሯን በእጇ እንደያዘች፣ ባሏ ይድን እንደሆነ ጠየቀች። ኢንስፔክተሯ እውነቱን ነገረቻት። ሳንባው ይድናል። ዐይኑ ግን ጠፍቷል፤ አይመለስም።

ሠራተኞቹ ይህንን ሰምተው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ያ ከይሲ ምን ዓይነት ሰው አደረገን እያሉ ወደ በሩ መሄድ ጀመሩ። አንዱ ፕሮግራመሯን ሲያልፍ ትከሻዋን ቸብ አድርጎ አይዞሽ እህቴ አላት። እሷ ዝቅ ብላ ጫማውን አየች።

ኢንስፔክተሯ ቀድማ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደገፈችበት።

«ቆይ» አለች። «ገና አልጨረስኩም። ሻለቃን የገደለው አንድ ሰው ነው። አሁን ደግሞ የግንዱን ዐይን ያጠፋው ማን እንደሆነ እንነጋገር።»

ከሠራተኞቹ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ፕሮግራመሯ ማዳም የለቀቀችውን ወንበር ስባ ተቀመጠች።